ሥዕል አራሚዋ ወይዘሮ ኢዳቤል

እግዜር ሰውን ራሱ ፈጠረ፤ ሥዕሉን ግን ለሌሎች ተወው። ሌሎቹም በእጃቸው ባለች በአንዲት ቀለም ሁሉንም ሣሉት። ይህን ያየ ፈጣሪ በእያንዳንዱ የጥቁሮች ሰፈር አንዲት አራሚ ሴት አስቀመጠ። በዲትሮይት አለች፣ በሜምፊስ አለች፣ በቺካጎ ደግሞ ሁለት ሦስት ሆነው እርስ በርስ ይጣላሉ። አንዳንዱ አክስቴ ይላታል፣ አንዳንዱ አማቴ ይላታል፣ አንዳንዱም «መጣች፤ መጽሐፉን ደብቁት» ይላታል። ቦርሳዋ ቢበረበር መጽሐፍ ቅዱስ፣ የታጠፈ መሐረብ፣ የናና ከረሜላና ክዳኑ የጠበቀ ቡናማ ማርከር ይገኝበታል።

የቶሊዶዋ አራሚ ወይዘሮ ኢዳቤል ክሮፎርድ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በሕይወታቸው አንድም ቀን ሥዕል አልሣሉም፤ የሌላ ሰው ሥዕል ነው የሚጨርሱት። ነጭ ፊት ያለበት መጽሐፍ፣ ካርድ ወይም የብስኩት ቆርቆሮ በእጃቸው ከገባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደርጉና «ይሄ አልተጨረሰም» ይላሉ። ከዚያ ማርከሩ ይወጣል።

የእህታቸው ልጅ ቨርና ያደገችው በእነዚህ በተጨረሱ መጻሕፍት ነው። እቤታቸው የገባ ተረት ሁሉ መጀመሪያ በአክስቷ እጅ ያልፍ ስለነበር ልዕልቲቱም፣ ዶክተሩም፣ ባቡር ነጂውም ቡናማ ነበሩ። አንደኛ ክፍል ስትገባ መምህሯ ያንኑ የምታውቀውን የባቡር መጽሐፍ ሰጠቻት። ቨርና ገለጥ ገለጥ አድርጋ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ አልተጨረሰም።»

«እንዴት አልተጨረሰም?»

«ሰዎቹን ማቅለም ረስተዋል።»

መምህሯ ልጅቷ ዓይኗ ላይ ችግር አለ ብላ እቤት ደወለች። የቨርና እናት ሩቢ ስልኩን እንደያዘች ሳቀች። ወይዘሮ ኢዳቤል ግን አልሳቁም፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ትምህርት ቤት ድረስ ሄዱ። የሄዱት ይቅርታ ሊጠይቁ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ያልተጨረሰ መጽሐፍ ካለ ሊያግዙ ነበር።

ስለ እሳቸው በሰፈሩ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም፤ እውነቱን ከጭማሪው መለየት ደግ ነው። የፖሊስ ጣቢያውን ሐውልት ቀብተዋል የሚባለው ውሸት ነው፤ እንዲያውም ጣቢያው ሐውልት የለውም። በአንድ ሠርግ ላይ ኬኩ አናት የቆሙትን ሙሽሮች በቀለጠ ቸኮሌት ቀብተዋል የሚባለው እውነት ነው፤ ሙሽራዋም እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች። የሕፃናት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት መጻሕፍት አንድም ሳይነካ የቀረ የለም። የቁስል ፕላስተር ሳይቀር አንድ በአንድ አቅልመው መልሰው ያሽጉታል። በገና ካርዶች ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ነው ሥራ የሚጀምሩት፤ ማርያምን፣ ዮሴፍን፣ እረኞቹን፣ ሕፃኑን ይጨርሳሉ። አህያዋን አይነኩም። «አህያማ በራሷ ቀለም ነው የተሣለችው» ይላሉ።

የፋርማሲውን የገና አባት ታሪክ ግን እዚያው የነበሩ ሰዎች ስለሚያውቁት እንዳለ መተረክ ይሻላል። በሩ አጠገብ የሰው ቁመት ያለው የካርቶን የገና አባት ነበር። ወይዘሮ ኢዳቤል ሻጯን የሆነ የጉልበት ቅባት ከጓዳ እንድታመጣላቸው ላኳትና እስክትመለስ ድረስ ፊቱንና አንድ እጁን ጨረሱ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ደረሰባቸው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የሱቁ ንብረት ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ያን አንዱን እጅ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ።»

ልጁ ያዘላቸው። በዓመቱ አዲስ የገና አባት ሲመጣ ሱቁ ውስጥ አላቆመውም፤ ከነካርቶኑ በቀጥታ እሳቸው ቤት ላከው።

ትልቁ ሥራቸው ግን ያለው ታላቁ ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። (ታናሹ ቤቴል የት እንዳለ ማንም አያውቅም።) ሕንፃውን የሸጡልን የጀርመን ዘር ያላቸው ነጮች ጥቁር ጎረቤት ሲበዛባቸው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ናቸው። ሲሄዱ ወንበሩንም፣ ኦርጋኑንም ይዘው ሄዱ፤ ከመዘምራኑ በላይ ግድግዳው ላይ የተሠሩትን ስምንት የጀሶ መላእክት ግን ነቅለው መውሰድ አልቻሉም። መላእክቱ ጉንጫቸው ቀላ፣ ጸጉራቸው ቢጫ ነበር። ስንዘምር ቁልቁል የሚያዩን እንደ ተከራይ ነበር። የቀድሞው ፓስተር ለጉባኤ ሌላ ከተማ በሄዱበት ሳምንት ወይዘሮ ኢዳቤል ከአንድ ቤት ሠሪ መሰላል ተውሰው ስምንቱንም ጨረሷቸው። ፓስተሩ ተመልሰው ገቡ፤ ሻንጣቸውን እንደያዙ ቆሙ፤ ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ «ሦስተኛዋ እናቴን ትመስላለች» ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ግድግዳ ሆነ።

ቀለማቸው አንድ ነው። ለካርዱም፣ ለመጽሐፉም፣ ለመልአኩም ያችው አንዲት ቡናማ ናት፤ ወተት የበዛበት ሻይ ትመስላለች። አንድ ቀን ከሸሚዛቸው እጅጌ ላይ ጠብ ብትል ትታወቃለች፤ ከቆዳቸው ላይ ብትወድቅ ግን ፈጽሞ አትታወቅም፤ የራሳቸው መልክ ነበረች። ይህን ለአርባ ዓመት ልብ ያለ ሰው የለም፤ ካለም አልተናገረም።

ቨርና አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ ልጅ ወልዳ ከአክስቷ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች። ለአውቶቡስ መሥሪያ ቤት ሥምሪት ስታወጣ ስለምትውል በሰዓቱ ያልሆነ ነገር አትወድም፤ አክስቷን ደግሞ ጊዜ ያለፈባቸው አድርጋ ማየት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ከመጻሕፍት መደብር አንድ ክምር ተሸክማ መጣች።

«አክስቴ፣ እስቲ ይሄን እዪ። ጠፈር የምትሄደው ጥቁር ናት። ይቺ ዳኛ ናት፤ ጥቁር። ይሄ ንብ አርቢ ነው፤ ጥቁር። አሁን እኮ ከነቀለማቸው ነው የሚሸጡት። ማርከሩን አሳርፊው።»

ወይዘሮ ኢዳቤል ገጽ በገጽ አገላበጡ።

«ደህና ናቸው» አሉ። «ግን የዳኛዋን ጸጉር ማን ነው የሠራው?»

«ሥዕል ነው እኮ አክስቴ።»

«ሥዕልም ቢሆን እንዲህ ሆና ችሎት አትቀመጥም። ወንድ ነው የሣላት።» ማርከሩን አወጡና በዳኛዋ ግንባር ላይ የጸጉሩን መስመር አስተካከሉት።

ቨርና ያን ዕለት ለራሷ ወሰነች፤ ገና ካለፈ በኋላ ቀለሙንም፣ ብሩሹንም፣ ማርከሩንም በአንድ ከረጢት ሰብስባ ልትወስድባቸው።

ገና ግን ሳያልፍ ሌላ ነገር መጣ። የቨርና ልጅ ኬዛያ ስድስት ዓመቷ ነው። በሕፃናቱ የገና ድራማ ላይ የዋናውን መልአክ ቦታ አገኘች፤ «አትፍሩ» ብላ ለእረኞቹ የምትናገረው እሷ ናት። በቤቴል ልማድ መላእክት የሚሆኑት ልጆች ከመዘምራኑ መድረክ ላይ በተርታ ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ የጀሶ መልአክ ሥር ይሆናል፤ አለማማጇም «ቀና በይ፤ ያቺ አንቺ ነሽ» ትላለች። በታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ኬዛያ ቀና አለች። አየች። ከዚያ ከመድረኩ ወረደች፤ ክንፉን አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና በግ መሆን እንደምትፈልግ ተናገረች።

የበጉ ልብስ ከጥጥ የተሠራ ነው። ፊት ይሸፍናል።

«በግ?» አሉ ወይዘሮ ኢዳቤል ምድር ቤት ባለው ወጥ ቤት ውስጥ። የልብስ ኃላፊዋ እሳቸው ስለነበሩ ጉዳዩ እሳቸው ዘንድ ደረሰ። እጃቸው እቃ ማጠቢያው ውስጥ ነበር፤ ቨርና ታደርቃለች፤ ኬዛያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። «ከኛ ቤት በግ ወጥቶ አያውቅም። እናትሽ መልአክ ነበረች። እኔ ማርያም ነበርኩ፤ ሦስት ዓመት ተከታትዬ። ቃሉ ጠፋብሽ?»

«አልጠፋብኝም። አትፍሩ፤ እነሆ ታላቅ ደስታ እነግራችኋለሁ።»

«ታዲያስ?»

«መላእክቱ እኔን አይመስሉም።»

«እንዴት አይመስሉሽም? እኔው ራሴ አይደለሁ የቀባኋቸው? ሁሉም ቡናማ ናቸው።»

«አንቺን ነው የሚመስሉት፣ እማማ።» ኬዛያ ክንዷን አምጥታ ከወይዘሮ ኢዳቤል እርጥብ ክንድ አጠገብ አስጠጋችው። አንደኛው ሻይ በወተት ነው፤ ሌላኛው ወተት ያልነካው።

«ኬዛያ፣ ነውር ነው» አለች ቨርና።

«ተያት።» ወይዘሮ ኢዳቤል ሁለቱን ክንዶች አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ፤ ለሕፃን የሚያስረዱበት ድምፅ ነው። «ስሚኝ የኔ ቆንጆ። መላእክቱ ከሩቅ ነው የሚታዩት። ጠቆር አድርጌ ብቀባቸው ዓይናቸው አይታይም።»

ኬዛያ ይህን ከልቧ አሰበችበት። ልትከራከር አልፈለገችም፤ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ ነበር የፈለገችው።

«የኔ ዓይን ይታያል» አለች።

ወይዘሮ ኢዳቤል የውሃውን ቧንቧ ዘጉ፤ እጃቸውን አደረቁ፤ ባርኔጣቸውን አነሱና ሄዱ። ለመዘምራኑ ያመጡት የስኳር ድንች ኬክ ሳይቆረስ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ቨርና ማታ ልጇን ካስተኛች በኋላ የፎቶግራፍ ሣጥኑን አወጣች። እናቷ ሩቢ ከሞተች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ስሟ የሚጠራው ሳይታሰብ ሲያመልጥ ብቻ ነው። ሩቢ የወይዘሮ ኢዳቤል ታላቅ ነበረች፤ ኬዛያ መልኳን የወሰደችው ከእሷ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደጉት። በትምህርት ቤቱ የገና ድራማ ኢዳቤል ማርያም ስትሆን ሩቢ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ገመዱን ትስብ ነበር፤ ሦስቱንም ዓመት። ይህ በቤተሰቡ ውስጥ እንደ ቀልድ ይነገር ነበር፤ የምትናገረውም ራሷ ሩቢ ነበረች።

ከፎቶዎቹ በአንዱ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ኢዳቤል የቀሚሷ አበባ ሳይቀር ይቆጠራል። የሩቢ ነጭ ኮሌታ ይታያል፤ ጥርሷ ይታያል፤ ፊቷ የለም። ፎቶ አንሺው ብርሃኑን የለካው በኢዳቤል ፊት ነው። ቨርና ሌሎቹንም አየች፤ ኬዛያ «አያቴ ምን ትመስል ነበር?» ብላ ስትጠይቅ የምታሳያት አንድ ደህና ፎቶ ለማግኘት። አላገኘችም። እናቷ እነዚያን የተጨረሱ መጻሕፍት ስታነብላት ትዝ አላት። ሩቢ ገጹን ታይና «አምሮባቸዋል» ትላለች፤ ከዚያ ትገልጣለች። ሌላ ነገር ብላ አታውቅም።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ታወከ። ከወይዘሮ ኢዳቤል የተላከ የገና ካርድ ዮሴፍ ነጭ እንደሆነ ለጎረቤት ደረሰ። ሰዎች ካርዱን ገልብጠው አዩት፤ ፊርማው የእሳቸው ነው። አንዳንዶች ታመዋል አሉ፤ አንዲት ጠንቃቃ ሴት ደግሞ የቀብር ሥነ ሥርዓቱ መቼ እንደሆነ ልትጠይቅ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ደወለች። የአሁኑ ፓስተር፣ ፓስተር ሆሊስ፣ በስልክ ሊያገኟቸው ሞከሩ፤ አላነሱም።

ዓርብ ቨርና በቁልፏ ከፍታ ገባች። የመጣችው ነገሩን ልታበርደው ነበር፤ ልጅ ናት፣ በግም ብትሆን ምንም አይደል፣ ይለፍ ልትል። ወይዘሮ ኢዳቤል ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ቤቱ ውስጥ ያለው የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ሁሉ ተደርድሯል፤ በየሳህኑ ቀለም አለ።

«ያንን የኔን ወሰድኩና ጥቁር ጨመርኩበት» አሉ ሰላምታም ሳይሰጡ። «አመድ ሆነ። ደግሞ ጨመርኩ፤ የምድጃ ጥላሸት ሆነ። ሰው አልሆነም።»

«ልጅቷ እኮ ረስታዋለች አክስቴ።»

«አልረሳችም። አንቺም አልረሳሽም።» በብሩሹ አንዱን ሳህን አማሰሉ። «የእናትሽን እጅ ነበር ላመጣ የፈለግሁት። በዚያ እጅ ነው ጸጉሬን ስትጎነጉነኝ የኖረችው። አንገቴ ሥር ያለፈ እጅ ነው። ሆስፒታልም ይዤው ነበር። ይኸው፣ አላውቀውም። ሳየው ኖሬ አላየሁትም።»

ቨርና ኮቷን አላወለቀችም ነበር፤ አወለቀችው። ያሰበችውን ሁሉ ተወችው።

«በማስታወስማ አይሆንም» አለች። «ነገ የቀለሙን ባለቤት ላምጣልሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኬዛያ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ክንዷ ነጭ ፎጣ ላይ ተዘርግቷል። ወይዘሮ ኢዳቤል ጥቁሩን ቆርቆሮ ዘግተው ወዲያ አራቁት። ጠቆር ያለውን ቡናማ አፈሰሱ፤ ሰማያዊ አንጠባጠቡበት።

«ገና ነው» አለች ኬዛያ።

«ዓይኔ ያያል እኮ፤ አንቺ ዝም በይ።»

«ግን ገና ነው።»

ወይዘሮ ኢዳቤል ክንዱን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ከዚያ የጠቆረ ቀይ ወሰዱ፤ በጣም ጥቂት። ሳህኑ ውስጥ ያለው ነገር ሲሞቅ ታየ፤ በጥልቁ ውስጥ የሆነ ነገር የበራ ይመስል ነበር።

«አሁንስ እመቤቴ?»

«ክርኔ ጋ ይመስላል። ፊቴ ግን ክርን አይደለም።»

«አፍሽ የማን እንደሆነ አውቄያለሁ» አሉ ወይዘሮ ኢዳቤል፤ ቀዩን ደግሞ በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ጫፍ ጨመሩ። ቨርና ሁለቱንም ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታያለች። ሳህኑ ሲያልቅ የስኒ መክደኛ አመጣችላቸው።

በመጨረሻ ኬዛያ ራሷ ጣቷን ነክራ በእጇ ጀርባ ላይ አደረገችው። ሁሉም ጎንበስ አሉ። ቀለሙ አልታየም፤ እርጥበቱ ብቻ ይብለጨለጫል። ሲደርቅ እሱም ጠፋ።

ወይዘሮ ኢዳቤል ይቅርታ የሚባል ነገር አይጠይቁም፤ ቤተ ሰቡም ከእሳቸው አይጠብቅም። ሳህኑን በላስቲክ ሸፈኑና «ከስምንቱ የቷ ናት?» አሉ።

«አፏን የከፈተችው» አለች ኬዛያ። «የምትናገረዋ።»

ከሰዓት በኋላ ፓስተር ሆሊስ ኮሪደሩ ላይ የመሰላል ድምፅ ሰምተው ሲገቡ ቨርና መሰላሉን ግራና ቀኝ ይዛ ቆማለች፤ በላይ በኩል የሚታየው የክረምት ጫማና የቀሚስ ጠርዝ ነው።

«እህት ኢዳቤል፣ ይውረዱ እባክዎ።»

«ስጨርስ እወርዳለሁ።»

«ሽማግሌዎቹ ሳይወስኑ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አይነካም።»

«ያን ጊዜም አልወሰኑም ነበር ፓስተር። ዛሬ ግን ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩታል።»

ፓስተሩ ቀና ብለው አዩ። ግማሽ ፊት ተቀብቷል። «ሰባቱ አንድ ዓይነት ሆነው አንዷ ብቻዋን ልዩ ሆነች። ምእመናኑ ምን ይላሉ?»

«እስቲ ነገ መድረኩ ላይ ሆነው ምእመናኑን ይዩአቸው» አሉ ከላይ። «ስንት ዓይነት እንደሆኑ ይነግሩኛል።»

ፓስተሩ ራሳቸው ቤት ውስጥ አራት ልጆች አሏቸው፤ አራት ዓይነት ናቸው። «ክንፉ ላይ እንዳያንጠባጥቡ» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።

ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ ነው የሠሩት። «ቨርና፣ እስቲ ወደ ኋላ ሄደሽ እዪ።»

«መሰላሉን ልቀቀው?»

«ልቀቂው። እስካሁን የያዘኝ እግዜር ነው፤ አንቺማ ወሬ ስታወሪ ነበር።»

ቨርና መሰላሉን በዓይኗ እየጠበቀች ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደች፤ የመጨረሻው ወንበር ጋ ደረሰች፤ ከዚያም አልፋ ዋናው በር ጋ ቆመች።

«ይታያል?»

ከዚያ ሆኖ ሲታዩ ሰባቱ መላእክት ፊታቸው እንደ ዳቦ ልሙጥ ነው፤ ዓይናቸው የት እንዳለ አይለይም። የአፈ ክፍቷ ዓይን ግን ከግድግዳው ወጥቶ ይመለከታታል።

«ይታያል» አለች። ወይዘሮ ኢዳቤል የሰባቱን ፊት በየተራ ካዩ በኋላ ብሩሹን ጠራርገው ወረዱ።

እሑድ፣ የገና ድራማው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ሰው ሲገባ ቀና ይላል፤ ይቀመጣል። ጥቂት ሹክሹክታ ነበር፤ ምን እንደተባለ ሁሉንም መዝግቦ መያዝ አይቻልም፤ የተሰማው ግን «ይቺ መቼ መጣች?» የሚል ነው። ኬዛያ ክንፏን አድርጋ ከመልአኳ ሥር ቆመች። እረኞቹ ተኙ፤ በጎቹ አንዱ ሌላውን ረገጠ። ኬዛያ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አድርጋ «አትፍሩ» ስትል ድምፅዋ ስለበረታ ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበረ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። አልቆመችለትም። እስከ መጨረሻው ተናግራ ጨረሰች።

ወይዘሮ ኢዳቤል አላለቀሱም። ኬዛያ ስትጨርስ ለአጠገባቸው ሰው «ቀሚሷ ትንሽ አጥሯል» አሉ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ቨርና መሰላሉን ወደ ምድር ቤት ልታወርድ መጣች። መድረኩ ሥር ከወይዘሮ ኢዳቤል ፊት አንዲት ሴት ቆማለች። እህት ኦዜላ ናት፤ ከሁሉም ያረጀችው አስተናጋጅ። ነጭ ጓንት፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያኑ የኋላ በር ላይ ሳትቀመጥ ቆማ የኖረች ሴት ናት፤ ወደ ፊት መጥታ አታውቅም። ከኬዛያም ትጠቁራለች። ከወይዘሮ ኢዳቤል ጋር በኬክ አሠራር ከተኳረፉ ቆይተዋልና ወይዘሮ ኢዳቤል ባርኔጣቸውን አስተካክለው ለጠብ ተዘጋጁ።

«ኢዳቤል።»

«ምነው ኦዜላ?»

«ከዚያ ቀለም የተረፈሽ አለ?»

«ትንሽ አለ። ላንቺ ግን አይሆንም፤ አንቺ ከዚህም ትጠቁሪያለሽ።»

«መስታወት አለኝ፤ አውቃለሁ።» እህት ኦዜላ የቀኝ እጇን ጓንት ጣት በጣት እየሳበች አወለቀችው። ባዶ እጇን መሠዊያው ፊት ባለው የእንጨት መደገፊያ ላይ ዘረጋችው። «ያቺ ዳር ያለችው የኔ ትሁን። ይህ ሕንፃ ከተገዛ ጀምሮ ከበሩ ሆኜ አያቸዋለሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አትጎተቺ።»

ወይዘሮ ኢዳቤል መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ የኦዜላን እጅ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩትና አቀርቅረው ማየት ጀመሩ። ቨርና መሰላሉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ደረጃው ጋ ደርሳ ነበር። ተመለሰችና ዳር ካለችው መልአክ ሥር አስደገፈችው።